ሠላሳ አራት ላይ የቆመው ኮምፒውተር

ስርጉት ከገመዱ ላይ የሰበሰበችውን ልብስ አቅፋ ስትገባ እናቷ ይርጋነሽ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር እየተነሣች ነበር። በእጇ የሶኬቱን ገመድ ይዛለች። ማያው ጠቁሯል።

«ደርሼ ነቀልሁት» አለች ይርጋነሽ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አምና የጎረቤታችን የነዘርፈሽ ቴሌቪዥን እንዴት እንደተቃጠለ አይተሻል አይደል? ሮጬ ነው የመጣሁ።»

ደጅ ሌላ ነጎድጓድ ተከተለና ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ቢቸና ውስጥ ሰማይ ማጉረምረም ሲጀምር ከሁሉ በፊት የሚሠራው ይኸው ነው፤ በየቤቱ ያለው ሶኬት ሁሉ ከግድግዳ ይነቀላል። ስርጉት ራሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታደርገው ኖራለች። ስለዚህ «ለምን ነቀልሽው?» ለማለት አፏ አልከፈት አላት።

ልብሱን አልጋ ላይ ጣለችው። ከዚያ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ቆመችና ከኮምፒውተሩ ሣጥን ፊት ላይ ትንሿን ቀይ ፍላሽ ነቅላ ኪሷ ውስጥ ከተተቻት።

ኮምፒውተሩ የታላቅ እህቷ የወይንእሸት ነው። ወይንእሸት ሞጣ አስተማሪ ናት። የተከራየችው ክፍል ውስጥ አከራይዋ ከአንዲት አምፖል በቀር ምንም ማብራት ስለማይፈቅዱላት ኮምፒውተሩን እናቷ ቤት አስቀመጠችው። በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ዘንድሮ ልትመረቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በጉንደ ወይን በኩል በአውቶቡስ እየተንገጫገጨች ትመጣለች፤ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች። አሁን ሰኔ ሊያልቅ ነው። ነገ መጥታ ጽሑፉን ልታሳትም፣ ሰኞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይዛው ልትሄድ ነበር። ካላስገባች ምርቃቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሕግ አለ። ማንም ፍላሽ አይሰካም፤ አምና በሰው ፍላሽ የመጣ ቫይረስ ወይንእሸት ሰባት ወር የሰበሰበችውን በልቶባታል። ጽሑፉ እስኪገባ ድረስም ማንም አዲስ ነገር አይጭንም። በዚያው በፍላሽ ፍርሃቷ ጽሑፉን ሌላ ቦታ አላስቀመጠችውም። ያለው እዚያ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ፍላሿን የሰጠቻት የክፍል ጓደኛዋ ሄለን ናት። ከባሕር ዳር የመጣ የአክስቷ ልጅ አዲሱን ዊንዶውስ ጭኖላት ሳምንት ሙሉ ስታወራ ሰነበተች። የስርጉት ቤት ኮምፒውተር አሮጌው እንደሆነ ስትሰማ ሳቀች። «እስካሁን በሱ? ፋራ!» ስርጉት ስለ ሕጉ ስትነግራት ደግሞ «ግማሽ ሰዓት ነው እኮ፤ ያለውን ፋይል አይነካም። አታካብጂ ባክሽ» አለቻት።

ዛሬ ስርጉት ፍላሿን ሰክታ መጫን ስትጀምር ግን ግማሽ ሰዓት የተባለው አንድ ሰዓት አልፎትም አላለቀም። ማያው ሰማያዊ ሆነ፤ መሐሉ ላይ አንድ ክብ ነገር ይዞራል፣ ከሥሩ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይጨምራል። ዝናቡ ሲመጣ ስርጉት ልብሱን ለማንሣት ወጣች። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር የለም።

ነጎድጓዱ ራቅ ሲል ሶኬቱን መልሳ ሰካችው። ሣጥኑ አጓራ። የአምራቹ ምልክት ብቅ አለና ጠፋ፤ ማያው ጥቁር ሆነ። ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። አጠፋችው፣ አበራችው። ያችው ሰረዝ። ሦስተኛም ሞከረች። አራተኛው ላይ የከተማው መብራት ራሱ ሄደ።

እናቷ ከኋላዋ ቆማ ነበር።

«ምነው? አይነሣም?»

«አይነሣም።»

«በኔ ነው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። ስርጉት ለመመለስ በቂ ጊዜ ነበራት።

«ድንገት ሲነቀል አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» አለች።

በቃሉ ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ቀላል ያደረገላትም ይኸው ነው።

ይርጋነሽ ነገር አታሳድርም። ቀን ሳይጨልም ለወይንእሸት ደወለችላትና መብረቁን ፈርታ እንደነቀለችው፣ ከዚያ ወዲያ እምቢ እንዳለ፣ ጥፋቱ የሷ እንደሆነ ነገረቻት። የወይንእሸት ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው።

«እማ፣ አትንኪው ብዬሽ አልነበር? ፊደል ቆጠርሁ ብለሽ የማታውቂውን ሁሉ መነካካት ጀመርሽ?»

ስልኩ ተዘጋ። ይርጋነሽ ለጥቂት ጊዜ ከጆሮዋ ሳታወርደው ቆየች።

ከኅዳር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ጎልማሶች የሚማሩበት ክፍል ትሄዳለች። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመኪና ታርጋ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። ስርጉት መንገድ ላይ አብራት ስትሄድ ሰው እንዳይሰማ ታፍራለች።

«እውነቷን ነው» አለች ይርጋነሽ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት የለፋችበት ነው።» ራቱን አቀረበች እንጂ አልቀመሰችም።

ቅዳሜ ጠዋት መብራቱ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ግን ያው ነበር። ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልለው በባጃጅ መናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለው የደምለው ሱቅ ይዘውት ሄዱ። ይርጋነሽ እንዳይነቃነቅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ባለባጃጁን ቀስ እንዲል እየለመነች።

ደምለው ስልክም ሬዲዮም ኮምፒውተርም ይጠግናል። ጋቢውን አይቶ ፈገግ አለ።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ ሕፃን ነው ያቀፉት?»

«ሕፃን በሆነ። ሕፃን ያለቅሳል፤ ይኼ ዝም ብሎኛል።»

ደምለው ሣጥኑን ከራሱ ማያ ጋር አገናኝቶ አበራው። ምልክቱ መጣ፣ ሄደ። ሰረዟ ብልጭ ድርግም አለች። ይርጋነሽ የሆነውን ነገረችው፤ መብረቁን፣ ሶኬቱን፣ የልጇን ጽሑፍ። ደምለው ራሱን ነቀነቀ። በክረምት እንዲህ ያለ ብዙ እንደሚመጣለት፣ መብረቅ ፋይሉ የሚቀመጥበትን ዲስክ ከመታው ከውስጡ የሚወጣ ነገር እንደማይኖር፣ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ ሲጭንበት ግን ማሽኑ እንደሚተርፍ አስረዳት። ፎርማት ማለት ምን እንደሆነ ይርጋነሽ ጠየቀችው።

«ያለውን ሁሉ መጥረግ ነው።»

«ጽሑፉንም?»

«ጽሑፉማ ሄዷል፣ እትዬ። እኔ ማሽኑን ላትርፍልዎት ነው።» ከመሳቢያው ሲዲ እያወጣ እንደ ዋዛ ጠየቀ፤ «ሲነቅሉት ምን እየሠራ ነበር?»

«ሰማያዊ ሆኖ ነበር» አለች ይርጋነሽ። «መሐሉ ላይ የሚዞር ነገር አለው። ከሥሩ ቁጥር ነበር፤ ሠላሳ አራት።»

ቁጥሩን ስትጠራ ድምጿ ትንሽ ጠንከር አለ፤ አስተማሪ ፊት ቆማ እንደምታነብ ዓይነት።

የደምለው እጅ ቆመ። «ቁጥር? ሲቆጥር ነበር?» ብሎ ወደ ስርጉት ዞረ።

«ሰዓቱን አይታ ይሆናል» አለች ስርጉት። «እማ ገና እየተማረች ነው። ቁጥር ይቀላቀልባታል።»

ይርጋነሽ ልጇን አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ወደ ወለሉ አወረደች።

«ይሆናል» አለች። «እኔ ምን አውቃለሁ።»

ደምለው ሲዲውን ከተተ። ሣጥኑ ማጉረምረም ጀመረ፤ በማያው ላይ አንድ መስመር ሞላ፣ ሌላው ቀጠለ። ይርጋነሽ በር አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ስርጉት መስመሩን ማየት አቃታት፤ እናቷንም ማየት አቃታት። ትምህርት ቤት በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ የተማረችው «ፎርማት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ማያው ላይ መጣ። ደምለው ቀስቱን ቃሉ ላይ አደረሰው።

«ልጫነው፣ እትዬ?»

«አንተ ካልህ።»

«ቆይ» አለች ስርጉት።

ደምለው ዘወር አለ።

«አትጫነው። ሠላሳ አራት ነበር። እማ በትክክል ነው ያነበበችው።» «አዲሱን ዊንዶውስ እየጫንሁበት ነበር። በፍላሽ። እማ አታውቅም።»

ቀዩን ፍላሽ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ደምለው ፍላሹን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ።

«እና መብረቁን በከንቱ ሳማው ነበራ» አለ።

ሲዲውን አውጥቶ የሣጥኑን ጎን መፍታት ጀመረ። እየፈታ፣ ነገሩ መንገድ ላይ እንደቆመ መኪና መሆኑን ነገራቸው፤ አሮጌው ዊንዶውስ ተነሥቷል፣ አዲሱ አልተቀመጠም፤ ስለዚህ የሚያስነሣው አጣ። ዲስኩ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። አውጥቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኘው ውስጡን ማየት ይችል ይሆናል። ይሆናል ነው ያለው።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ገመዱን ቀየረ። አሁንም የለም። ደጅ ወደ አማኑኤል ከተማ የሚሄድ መኪና ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል። ደምለው ዲስኩን ነቅሎ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ በሌላ ቀዳዳ ሰካው። አንድ አዲስ ምልክት ማያው ላይ ብቅ አለ። ደምለው አንዱን አቃፊ ከፈተ፤ ከውስጡ ሌላ፤ ከሱ ውስጥ ሌላ።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ወይንእሸት» አሉ ሁለቱም እኩል።

ጽሑፉ ተከፈተ። ሰማንያ ሰባት ገጽ። መጨረሻ የተነካው ባለፈው እሑድ ነው። ደምለው እስከ ታች ድረስ እየገለጠ አሳያቸው።

ይርጋነሽ ተነሥታ ቀረበች። ደምለው ልጇን ትቆጣለች ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ፊቱን ወደ ሥራው መለሰ። እሷ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እውነት ሠላሳ አራት ነበር?»

«አዎ፣ እማ።»

ይርጋነሽ ራሷን ነቀነቀች። ብትቆጣ ለስርጉት ይሻላት ነበር።

ደምለው ጽሑፉን በሁለት ሲዲ ገለበጠላቸው። ኮምፒውተሩን ለሰኞ ቀጠራቸው። ሲወጡ ካፊያው አቁሞ መናኸሪያው በጭቃና በሰው ተሞልቷል። የሞጣው አውቶቡስ የሚደርስበት ሰዓት ነበር። ይርጋነሽ ሲዲዎቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ፣ ሰው እንዳይሰማት ወደ ስርጉት ጠጋ አለች።

«ለወይንእሸት ይኼን አንነግራትም» አለች። «ጽሑፉ ተገኝቷል፤ በኔው ይለፍ። እኔን ተቆጥታ ጨርሳለች። አሁን ደግሞ ካንቺ ጋር ልትጣላ ነው። ሰኞ መንገደኛ ናት፤ ተኳርፋችሁ እንድትሄድብኝ አልፈልግም። ደምለውም አይናገር።»

ነገሩ ለስርጉት ቀላል ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነው፤ እናቷ ራሷ ዝም በይ ብላታለች። ወይንእሸት ጽሑፏን ስታገኝ ደስ ይላታል፣ እናቷን ይቅርታ ትጠይቅም ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር በሆነ ቁጥር፣ «እማ ነካችው እንዴ?» ትላለች። እማም «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን እያሰማ በጭቃው ገባ። ወይንእሸት ከወረዱት የመጀመሪያዋ ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ቦርሳዋን በደረቷ አጥብቃ ይዛለች። በሰው መሐል ስትፈልግ ቆይታ እናቷን አየቻትና ፊቷ ተጨማደደ። ይርጋነሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከወዲሁ አንገቷን ሰበር አድርጋ መራመድ ጀመረች።

ስርጉት ክንዷን ያዘቻት።

«እማ፣ አንቺ እዚሁ ቆይ።»

«ስርጉቴ፣ ተይ ብዬሻለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

በጭቃው ውስጥ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች ተሻገረች። እህቷ ጋ ደርሳ ቦርሳውን ከእጇ ተቀበለቻትና በእሷና በእናቷ መሐል ቆመች።

«ወይንእሸት፣ ጽሑፍሽ ተገኝቷል» አለች። «እማ ጋ ከመድረስሽ በፊት ግን አንድ የምነግርሽ ነገር አለ።»