ባለቤቱ የሌለ ጄሪካን

ኤቢሴ ለአራተኛ ጊዜ የጨዋታቸውን ሕግ አጠበቀች፤ ሮባም ለአራተኛ ጊዜ ማምለጫ አገኘለት።

«አሸነፍኩ» አለ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ። «ያንቺ ሕግ ወንፊት ነው።»

ጨዋታው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ የውሃ ቦኖ አለ፣ ከፊቱ ሰዎች ተሰልፈዋል፣ ተጫዋቹ ጄሪካኑን ይዞ ተራው ሲደርስ ውሃ ይቀዳል። ስሙ «ወረፋ» ነው። ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሠሩት ወር አልፏቸዋል፤ ፕሮግራሙን ኤቢሴ ትጽፋለች፣ ሥዕሉን ሮባ ይሥላል። የኮምፒውተር ክለቡ ኃላፊ መምህር ዮሐንስ፣ ልጆች እየተጫወቱ ተራ መጠበቅን ይማሩበታል ብለው፣ ዓርብ ለሚመጡ እንግዶች ሊያሳዩት ይዘውታል። የአምቦ ልጅ ተራ መጠበቅን ከኮምፒውተር ይማር እንደሆነ እንጃ፤ ሮባ ግን አልተማረም። ስክሪኑ ላይ አምስት ጄሪካን ደርድሮ ቦታ ይይዛል፣ ሌላ ቦታ ሲዞር ይቆያል፣ ከዚያ መጥቶ ይቀዳል።

ኤቢሴ በገነች። በንዴቷም አምስተኛውን ሕግ ጻፈች፦ ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ ጄሪካን በእርግጫ ከሰልፍ ይወጣል። ለመታው አሥር ነጥብ።

ይሄ ሠራ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ሠራ። ክለቡ ደጃፍ ዝር ብለው የማያውቁ የሰባተኛ ክፍል ልጆች በምሳ ሰዓት እየተጋፉ ይገቡ ጀመር። ወረፋ የሚያስተምረውን ጨዋታ ለመጫወት ወረፋ የያዘ ግን አልነበረም።

ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው ረቡዕና ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ዕለት ኤቢሴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦኖው ጋ ሳቅ ሰማች። ለንሳ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሰልፉ መሃል ቆማ፣ አንድ ቢጫ ጄሪካን በእርግጫ ጠለዘችው።

«ባለቤቱ የለም፣ አሥር ነጥብ» አለች።

ጄሪካኑ ተንከባሎ ቦይ ውስጥ ወደቀ። የሰፈሩ አሮጊት የአዴ ጌጤነሽ ነው። አዴ ጌጤነሽ ጉልበታቸው አላስቆም ስለሚላቸው፣ ጄሪካናቸውን ሰልፍ ላይ ያኖሩና ማዶ አጥራቸው ሥር ይቀመጣሉ። ከኋላቸው ያለው ሰው የራሱን ሲያስጠጋ የእሳቸውንም በእግሩ ገፋ ያደርግላቸዋል። ማንም ሕግ ብሎ አልጻፈውም፤ ብቻ እንደዚያ ነው። ያን ቀን ትልልቆቹ ቧንቧው ጋ ሲነታረኩ ልጆቹን ልብ ያላቸው አልነበረም። አዴ ጌጤነሽ እያነከሱ እስኪደርሱ ሰልፉ ገጠመ። ከመጨረሻ ቆሙ፤ ተራቸው ሳይደርስ ውሃው ሄደ።

ኤቢሴ ለንሳን ልትቆጣት ሞከረች፤ ለንሳ ግን አላፈረችም።

«ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽን?» አለቻት።

ኤቢሴ ጄሪካኑን ከቦዩ አውጥታ አጠበችው፤ ከቤት ካለው ውሃ ግማሹን ገልብጣ ለአዴ ጌጤነሽ ወሰደችላቸው። እርግጫውን የፈጠረችው እሷ መሆኗንም ነገረቻቸው። ጄሪካን በእርግጫ የሚመታበት ጨዋታ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማስረዳት ሁለቴ መድገም ነበረባት። ሲገባቸው አልተቆጡም።

«እናትሽ ሥራ ስትውል፣ አንቺም ትምህርት ቤት ስትሆኚ፣ የቤታችሁን ጄሪካን ማን እየገፋ የሚያደርሰው ይመስልሻል፣ ኢንታሎ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቋት።

ኤቢሴ ታውቀዋለች እኮ። በእግሯ ስንቱን ገፍታለች። የሮባን ማምለጫ እዘጋለሁ ብላ ስትሮጥ ነው የዘነጋችው።

ሐሙስ ጠዋት እርግጫውን አወጣች። በምትኩ፣ ከፊትህ ባለቤቱ የሌለ ጄሪካን ካለ ሳትገፋለት አታልፍም የሚል ሕግ አስገባች። ሮባ ሁለት ደቂቃ ተጫውቶ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

«ደባሪ ሆነ። ደግሞ አምስት ደርድሬ ብሄድ ይኸው ሁሉም ይገፋልኛል። ኮምፒውተሩ እኔንና አዴ ጌጤነሽን በምን ይለየን?»

ያበሸቃት እውነቱን መሆኑ ነው። ቦኖው ጋ ሰው ይተዋወቃል፤ አምስት ጄሪካን የደረደረ በስሙ ተጠርቶ ይወቀሳል። ኮምፒውተሩ ማንንም አያውቅም። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች፤ እኩለ ቀን ሲሆን ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች።

ሮባ ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። አሮጌውን ጨዋታ ከነእርግጫው ገልብጦ አስቀምጦታል። ነገ ይህን እናሳይ፣ እንግዶቹ ይሳቁ፣ ያንቺን ደግሞ ሰኞ ቀስ ብለን እንሠራዋለን አላት። «ማሎ፣ ኤቢሴ፣ እባክሽ። ወር ሙሉ ለፍተን።»

ልመናው ከልቡ ነበር። ሥዕሉን ሲሥል ስንት የምሳ ሰዓት እንዳለፈው ታውቃለች። ግን ዓርብ ጨዋታውን የሚያየው ተማሪው ሁሉ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የውሃ ቀን ነው።

ብቻዋን ወደ መምህራን ማረፊያ ሄደችና «ወረፋ» ነገ እንዲቀር ጠየቀች። መምህር ዮሐንስ መጀመሪያ የቀለደች መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ጨዋታው እንደሚያስቅ፣ ጉድለት የሌለበት ሥራ እንደሌለ፣ እንግዶቹም በየዓመቱ እንደማይመጡ አንድ በአንድ ነገሯት። በቦታው የግጥም ክለቡ ይገባል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ቃል አልገቡላትም።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«አልደረሰም ይበሏቸው፣ ቲቸር።»

«ሮባስ?»

«ይቆጣኛል።»

መምህር ዮሐንስ እስክሪብቶ አነሱ፤ የነገው ዝግጅት ዝርዝር ያለበት ወረቀት ላይ ግን ቶሎ አላሳረፉትም። ኤቢሴ «ወረፋ»ን ከዝርዝሩ እስኪሰርዙት ድረስ ከጠረጴዛው ፊት አልሄደችም።