ይሰየም

ቢያድግልኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየገባበት በር ወንጀሉ ሲነበብ ኖሯል። ዳቦ ቤት ሲገባ ይነበባል። ፀጉር ሊስተካከል ሲገባ ይነበባል። «ቢያድግልኝ። ሰው መትቶ ዓይን አጥፍቷል። ዘጠኝ ዓመት ታስሯል» ይላል ነጋሪው። ነጋሪ በታችኛው አዋሽ ከተማ በየበሩ መቃን ላይ የተተከለ፣ የሚገባውን ሰው መዝገብ አይቶ ለውስጥ ሰዎች የሚናገር መሣሪያ ነው። ምድሩ በሙቀት ነድዶ ሰው ከመሬት በታች ከወረደ ወዲህ፣ ጠባብ ቦታ ላይ አብሮ ለመኖር ያስፈልጋል ተብሎ ተተከለ። ማንም አይገርመውም። ሻጩ ዳቦውን ይሰጠዋል፤ ፊቱን ግን አያየውም።

ማክሰኞ ጠዋት የዳቦ ቤቱ ነጋሪ ዝም አለ።

ቢያድግልኝ በልማድ መቃኑ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ መዝገቡ እንዲታሸግ ጠበቃ ያስገባችለት አቤቱታ ትዝ አለው። ተፈቅዶልኛል ማለት ነው ብሎ እግሩን አነሳ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ሰላሙ» አለው በሩ።

ዞር ብሎ አየ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

ዳቦውን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ልጁ ማስተዋል የሳንባ ክፍል ተኝታለች፤ ሐሙስ ረፋድ ደረቷ ይከፈታል። ሐኪሙ ትነቃለች ብሎ ቃል አልሰጠም። ሰው ያቆሰለ ሰው በዚያ ክፍል በር አያልፍም። ጠበቃ የያዘውም፣ መዝገቡ እንዲታሸግ የለመነውም ለዚሁ ነበር፤ ደረቷ ከመከፈቱ በፊት አንድ ጊዜ እጇን ሊይዝ።

«ሰላሙ ደጉ። ንጹሕ መዝገብ። የታማሚዋ ዘመድ አይደሉም» አለ ነጋሪው።

«አባቷ ነኝ።»

«የታማሚዋ አባት ስም ቢያድግልኝ ነው። በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በከተማው የለም።»

በመስታወቱ የሚታየው የአልጋው ግርጌ ብቻ ነበር። እግሮቿ ከአንሶላው ሥር አንዴ ተንቀሳቀሱ። ቢያድግልኝ መስታወቱን አንኳኳ። ዘበኛ መጥቶ ወሰደው።

ጠበቃዋ ወይዘሮ ውዴ ትባላለች። ፈጣን ናት፤ ስትናገር ቀልድ አታጣም። የፍርዱን ትእዛዝ ከፍታ ስታነብ ግን አልቀለደችም። ይህ ከበሩ ድምፅ ይልቅ አስፈራው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች። «እኔ የጠየቅሁት እንዲሰየሙ ነው። በሕጉ መጽሐፍ መሰየም ማለት የተፈረደበት ሰው እንዳልተፈረደበት ይቆጠር ማለት ነው። ዳኛዋም ‹ይሰየም› ብለው ፈረሙ። ትእዛዙን የሚፈጽመው መዝጋቢው ነው፤ ማሽኑ። ባለፈው ወር ቀይረውታል። አዲሱ ማሽን አማርኛ የለመደው ከሰፈር ወሬ ነው።»

«እና?»

«እና ሰየመዎት። እንደ አራስ ልጅ ስም አወጣልዎ። አባትም ጨመረልዎ።»

አልሳቀም። «ጣቴ አለ። ደሜ አለ። ይመርምሩኝ።»

«ጣትዎም ደምዎም ወደ ሰላሙ ደጉ ተዛውሯል። መዝጋቢውን ቢጠይቁት ሲወለዱም ሰላሙ ነበሩ ይላል። የድሮው ስም በማሽኑ ጊዜያዊ ቋት ውስጥ የሚቆየው እስከ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ ይጠፋል።»

«ልጄስ?»

ውዴ ወረቀቱን አጠፈችው። «የአባት ስሟ ባዶ ይሆናል።»

አንድ መንገድ ነበር። ዘመድ ያልሆነ ምስክር በዳኛዋ ፊት ቆሞ የሰውየውን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ መናገር ነበረበት። በአንድ ሰው አፍ ከተረጋገጠ ስሙ ይመለሳል።

«ቀላል ነው» አለ ቢያድግልኝ። እርሷ ግን ቀላል ነው አላለችም።

ለአሥራ ሰባት ዓመት አብሮት የማቀዝቀዣ ቱቦ የጠገነው አለቃው መስፍን ነው። እሱ ዘንድ ሄደ።

«ለአንተማ እመሰክራለሁ!» አለ መስፍን። «ቢያድግልኝ… ቢያድግልኝ ማን ነበር?»

«አላውቅም ትላለህ?»

«ምን ላድርግ? በሩ ይነግረን የለም እንዴ? ሰው የሰው ስም መጠየቅ ትቶ የለም?» ፊቱ ቀላ። «አሁን ንገረኝና ልያዘው።»

«ተነግሮት የመጣ ምስክር ይታሰራል።»

መስፍን መፍቻውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

እንዲህ እያለ ስምንት ሰው ጠየቀ። ስምንቱም የመጀመሪያውን ስምና ወንጀሉን ያውቃሉ። ከዚያ አያልፉም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሚጠይቀው ሰው አለቀ። በየመተላለፊያው በሮቹ «አቶ ሰላሙ፣ አቶ ሰላሙ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ሳያስበው አቤት አለ። ያን ጊዜ የባሰ ፈራ።

ስሙን እስከ አያቱ የሰማ አንድ ሰው እንዳለ ያወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ያኔ ክሱ በችሎት ሲነበብ፣ ዓይኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው ነበረ።

«እንዲመጣ ብቻ ነው የሚለምኑት» አለች ውዴ። «ምን እንደሚል አይነግሩትም። ደግሞ ይህን ይወቁ። ዳኛዋ በምን ታውቀዋለህ ይሉታል። ወንጀሉን ካነሳ የታሸገው መዝገብ ተከፈተ ማለት ነው። ስምዎ ይመለሳል፤ የልጅዎ በር ግን እንደገና ይዘጋል።»

ያ ዓይኑ የጠፋው ሰው፣ ጌጡ፣ የሚኖረው ቢያድግልኝ ባለበት ፎቅ፣ ሦስት መተላለፊያ አልፎ ነው። ቢያድግልኝ በዚያ በኩል ሄዶ አያውቅም። አንኳኳ። በሩ በሰንሰለት ልክ ተከፈተ፤ አንድ ዓይን ታየ።

«ብረት ይዘሃል?»

«ባዶ እጄን ነኝ።»

«ዓይኔን ያጠፋህ ቀንም ውሃ ልትቀዳ ነበር የመጣኸው።»

ቢያድግልኝ የመጣበትን ጉዳይ በአጭሩ ተናገረ፤ ልጁን፣ ስሙን፣ ሐሙስን። ሽማግሌው ሳያቋርጥ ሰማው።

«ስንቱ ሰው ባለበት ከተማ እኔ?»

«ሌላ የሚያውቀኝ የለም።»

ጌጡ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። «እኔስ አውቅሃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት መንገድ የቀየርኩት ያንን ነጋሪ እየሰማሁ ነው። ከዳቦ ቤቱ ስትጠራ እኔ በመድኃኒት ቤቱ በኩል እዞራለሁ። ትናንት በሩ ዝም አለ። አጠገቤ አለፍክ፤ ክንድህ ነካኝ። ቤቴ ገብቼ እስከ ማታ አልወጣሁም።» ሰንሰለቱን ያዘ። «ያንተን ዝምታ ማን ፈቀደ? እኔን የጠየቀኝ አለ?»

«የለም።»

«የለም» አለ ጌጡ፤ በሩንም ዘጋው።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ችሎቱ ውስጥ ቢያድግልኝና ውዴ ብቻ ነበሩ። በታችኛው አዋሽ ፍርድ ገና ለማሽን አልተሰጠም፤ ዳኛዋ ሰው ነበሩ፤ ሰዓታቸውንም እያዩ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ምርኩዝ ሲመታ ተሰማ። ጌጡ ገባ። ወንበር ሲሰጡት አልተቀመጠም።

«እኚህ ሰው ማን ናቸው?» አሉ ዳኛዋ።

ጌጡ በአንድ ዓይኑ ረጅም ጊዜ አየው። «ቢያድግልኝ አላምረው ፈንታ» አለ፤ ሦስቱንም ሳይቸኩል።

«በምን ያውቋቸዋል?»

ውዴ አንገቷን ደፋች። ቢያድግልኝ ወለሉን አየ። የሽማግሌው ትንፋሽ ወጣ፤ ገባ፤ እንደገና ወጣ።

«ጎረቤቴ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እዚህ ሳንወርድ ጀምሮ።»

ዳኛዋ ስሙ እንዲመለስ፣ መዝገቡም እንደታሸገ እንዲቆይ አዘዙ። ውዴ ትእዛዙን ቃል በቃል አስነበበች፤ በውስጡ «ይሰየም» የሚል እንደሌለ አየች፤ ከዚያ አስፈረመች። ለሦስት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

በበሩ ሲወጡ ነጋሪው ምንም አላለም። ቢያድግልኝ ሽማግሌውን ለማስቀደም ገለል አለ። ጌጡ አልተንቀሳቀሰም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ቢያድግልኝ።

«አንተ ቅደም» አለ ጌጡ። «ከኋላዬ ስትሆን አልወድም።»

ቀደመ፤ መንገዳቸው አንድ ነበር። ልጁ ዘንድ መሮጥ ፈልጎ ነበር። ምርኩዙ ከኋላው ሲመታ ይሰማል፤ ሲርቅበት እርምጃውን ቀነሰ። ሆስፒታሉ መታጠፊያ ሊደርስ ሲል ሁለት እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ከጎኑ ዘረጋቸው፤ ሽማግሌው እንዲያያቸው።