ወደ ግድግዳው ያዘነበለው ቡቃያ

ሶፍያ የመጣችው ሴት ለቀስተኛ መስላት እጇን ይዛ ሰሌኑ ላይ አስቀመጠቻት። ምክትል ኢንስፔክተር ብፅዓት መርማሪ መሆኗን ለመናገር አፍራ ከከሚሴ ሴቶች መሀል አንገቷን ደፍታ ቆየች። በኋላ መታወቂያዋን ስታወጣ ያፈረችው ሶፍያ ሆነች።

ሟቿ የሶፍያ እናት ወይዘሮ ዓዲላ ናቸው። ምራታቸው ሰዓዲያ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ በጣሳ በምታፈላበት ጓዳ፣ ጠዋት ሞተው ተገኙ። ማታ ወተት የሰጠቻቸው ሰዓዲያ ስለነበረች፣ ባቲ አድራ የመጣችው ሶፍያ መርዛ ገደለቻቸው ትላለች። ጎረቤቱም ይህንኑ ያንሾካሹካል። የሰዓዲያ ባል አንዋር የእናቱን ሬሳ ታቅፎ ቀና አይልም።

ሰዓዲያ በር ሥር ቆማ ለብፅዓት መለሰች። ወተቱን እሷም ባሏም ከዚያው ዕቃ ጠጥተዋል። ዛሬ ጓዳውን አልረገጠችም። የታኅሣሥ ብርድ ቡቃያዋን እያጫጨባት ነበር፤ ጠባቸው ቢኖር አማቷ «ጓዳዬን አፈር ሞላሽው» ማለታቸው ብቻ ነው።

ብፅዓት የሟቿን ፊት አየች። ከዚያ ጓዳ ገብታ መስኮቱ ሥር ተንበርክካ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተች። ስትጨርስ ሦስቱንም ወደ ጓዳው ጠራቻቸው።

«ወተቱ ንጹህ ነው» አለች በለሆሳስ። «እንዲህ ፊት የሚያቀላው የከሰል ጭስ ነው። ምድጃ ግን እዚህ የለም፤ አንድ ሰው አውጥቶታል። ቡቃያ ወደ ብርሃን ያዘነብላል፤ ይኼ ወደ ግድግዳው አዘንብሏል፤ ቅጠሉም ተለብልቧል። እሳት ዳር አድሮ፣ ጠዋት በጥድፊያ ፊቱ ዞሮ ወደ ቦታው ተመልሷል።»

«እሷው መልሳው ይሆናል» አለች ሶፍያ።

«ራሷ ያሳደገችው ስለሆነ ፊቱና ጀርባው አይጠፋትም። አንቺ ደግሞ ባቲ ነበርሽ።»

ሦስተኛውን ስም አልጠራችም። አንዋር መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ሰው ፊት ‹ለሙ የጨፋ ሜዳ እያለ ሚስቴ ጣሳ ታርሳለች› እያልኩ ስቄባታለሁ። ቡቃያው ሲጫጭባት ግን አንጀቴ አልቻለም። ጣሳ ዳር መንበርከኬን ማንም እንዳያይ እሳቱን ተደብቄ አስገባሁ። እናቴ ሙቀት ፈልጋ እንደገባች፣ ወላሂ፣ አላወቅሁም። ጠዋት ሞታ ሳያት ምድጃውን አወጣሁ።»

«ባለቤትዎ ስትወነጀልስ?»

«አፈርኩ።»

ሰዓዲያ ፊቷን አዞረች። ሶፍያ ልታቅፋት ዘርግታ የነበረውን እጇን መልሳ ሰበሰበች።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንደተሰገደ፣ ወይዘሮ ዓዲላ ተቀበሩ። አንዋር በሁለት ፖሊሶች መሀል ሆኖ አፈር መለሰ፤ ከዚያ ወደ ጣቢያ ወሰዱት።