አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ

«ባካሪ፣ እጅህን አንሣ!»

ሚሺ ስትጮህ የያዘቻቸው ሰሃኖች ሊያመልጧት ነበር። ባካሪ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ዘወር ብሎ አያት። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ፕላስቲኩ ደህና ነው፤ ሞተሩን ግን የሞምባሳ ጨዋማ አየር በልቶታል።

«ምን ሆነሽ ነው? ማብሪያውን አጥፍቻለሁ። ቡናማውን ሽቦ በቴስተር ነካሁት፣ ኮረንቲ የለውም። አረንጓዴው ደግሞ እንደማይነክስ ሕፃንም ያውቃል።»

«የቤቱን ብሬከር አጥፋ። ደንብ ነው።»

«የአባቷ ልጅ!» አለች የባካሪ እናት ማማ ሳውዳ ከበሩ ላይ። ሚሺ የመጣችው ለለቅሶው የተዋሰቻቸውን ሰሃኖች ልትመልስላት ነው። ሰፈሩ ፉንዲ ሸባን፣ ባለሙያው ሸባን፣ እያለ የሚጠራው ኤሌክትሪሺያኑ አባቷ ከተቀበረ ስምንተኛ ቀኑ ነው። «አባትሽ ደንብ አያፈርስም ነበር። እሱ የሠራውን ከፍቶ እንከን ያገኘ ሰው የለም።»

ባካሪ እያጉረመረመ ወርዶ ብሬከሩን አጠፋና አዲሱን ማራገቢያ ከካርቶን አወጣ። ይሄኛው ብረት ነው።

«አረንጓዴው ከብረቱ ጋር ይታሰራል፣ አይደል? አባትሽ ነው ያስተማረኝ።»

ሚሺ ሰሃኖቹን በሩ ሥር አስቀመጠች።

ካቻምና በኢድ ዋዜማ አባቷ እዚሁ ሲሠራ መሰላሉን የያዘችው እሷ ነበረች። የያኔው ፕላስቲክ ማራገቢያ የክፍሉ መብራት በማብሪያው ከጠፋ በኋላም ጥቂት የሚሠራ ስለነበር ኮረንቲው የማይቋረጥ አንድ ተጨማሪ ሽቦ ይፈልግ ነበር። ሱቁ ተዘግቷል፤ የማማ ሳውዳ እንግዶች ደጅ ደርሰዋል። አባቷ ሁልጊዜ «አረንጓዴና ቢጫው የአደራ ሽቦ ነው፤ ሰው እንዳይሞት የተቀመጠ ነው፤ ኮረንቲ አይሄድበትም» ይል ነበር። የዚያን ቀን ግን ማብሪያው ሲጠፋም የማይጠፋውን ኮረንቲ በዚያው ሽቦ ሰደደው። ዘወር ብሎም አላያትም።

«ከኢድ በኋላ መጥቼ እቀይረዋለሁ። አስታውሺኝ፣ እሺ?»

ኢዱ አለፈ፤ ሌላም ኢድ መጣ። አላስታወሰችውም።

አሁን ዝም ካለች ብሬከሩ ተመልሶ ሲበራ ብረቱ በሙሉ ኮረንቲ ይሆናል፤ ማማ ሳውዳም ስታጸዳ በእርጥብ እጇ ትነካዋለች። ከተናገረች ደግሞ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ የአባቷን ስም የምታጎድፈው እሷው ልትሆን ነው። ባካሪ ብሎኑን ሲያነሣ አየችው።

«እንዳታስረው» አለች። «ያ ሽቦ ኮረንቲ አለበት።»

«ምን? የትኛው ጅል ነው እንዲህ ያደረገው?»

«አባዬ።»

ብሎኑ ከባካሪ እጅ ወደቀ። ሚሺ ስለ ሱቁ፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ «አስታውሺኝ» እየተንተባተበች ነገረቻቸው። እንባዋ ሲወርድ ለመጥረግ እንኳ አልሞከረችም። ማማ ሳውዳ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ከዚህ በር አይወጣም» አለች። «ፈቃድ ያለው ፉንዲ እንጠራለን። ባካሪ ነካክቶ አበላሸው እንለዋለን።»

«እኔ?» አለ ባካሪ። ከዚያ ሚሺን አይቶ አንገቱን ደፋ። «እሺ፣ እኔ ነኝ።»

ለሚሺም እሺ ማለት እንዴት በቀለላት! እሷ ግን ከመሣሪያ ሳጥኑ ቀይ ናስትሮ አንሥታ መሰላሉ ላይ ወጣች። ማንም አረንጓዴ ነው ብሎ እንዳያምነው የሽቦውን ጫፍ በቀዩ ደጋግማ ጠቀለለችው።

«አባዬ ሌላም ቤት ቸኩሎ ከሆነስ?» አለች ስትወርድ። «ፉንዲው ማን ሠራው ብሎ ከጠየቀ አባቴ በሉት።»

ባዶ እጇን ወጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ተመለሰች።

«ተመልሶ ሊቀይረው እንደነበርም ንገሩት፣ ማማ ሳውዳ።»