ከመስመር ላይ የወጣች ኳስ

«ይሄ ውሸት ነው» አለች ሐዳሳ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አራተኛውን ዓረፍተ ነገር በጣቷ እየጠቆመች።

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ናትናኤል የማይክራፎኑን ገመድ እየጠቀለለ አንገቱን አሰገገና አነበበ። «"በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ከአጥቂ ቦታው ሮጦ ተመልሶ፣ በረኛውን ያመለጠችውን ኳስ ከግብ መስመር ላይ በቴስታ ያወጣው ይኸው ጀግና ነው።" ምኑ ነው ውሸቱ? ክብሩ ራሱ ነው የነገረኝ። ድምፁ ስልኬ ላይ አለ።»

«ያወጣው እሱ አይደለም።»

«ማነው ታዲያ?»

«አባቴ።»

ናትናኤል ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። «አታካብጂ እንጂ! አባትሽ በራሱ ጎል ላይ ያገባው አይደል እንዴ? የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች እስካሁን ሙድ ይይዙበታል።» ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ። «ይቅርታ። ግን ጽሑፉን በቴሌግራም ልኬለት "አሪፍ ነው" ብሎኛል። አርብ ክብሩ እንግዳችን ሆኖ ሲመጣ፣ ዝግጅቱ ላይ እንዳለ አንብቢው፣ በናትሽ። ካንቺ የተሻለ አንባቢ የለንም።»

ሐዳሳ አሥረኛ ክፍል ናት። አባቷ ደበሌ ለታቦር ኮከብ ክለብ አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቷል፤ ሦስት ቁጥር ለባሽ፣ የግራ መስመር ተከላካይ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ግብ አስቆጠረ። አንዷን በተጋጣሚ ላይ፣ አንዷን በገዛ ክለቡ ላይ። ከተማው የሚያስታውሰው ሁለተኛዋን ብቻ ነው። ለብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ አያውቅም። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ሲያቆም ክለቡ የምስጋና ወረቀት ሰጠው፤ ወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም ተሳስቶ ተጽፏል።

አባቷና ክብሩ አብረው ዋንጫ የበሉበትን ጨዋታ ሲዲ ሐዳሳ አምና ክረምት ሦስት ጊዜ አየችው፤ በመጨረሻው ጊዜ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛ። በዘጠና ደቂቃ ውስጥ አባቷ የታየው አርባ አንድ ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን ግማሽ ትከሻ ወይም አንድ እግር ሆኖ። መጀመሪያ ስንፍና መሰላት። ቆይታ የተጋጣሚውን ቀኝ ክንፍ መቁጠር ጀመረች። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በዚያ በኩል ዘጠኝ ጊዜ ሞከሩ። ከዕረፍት በኋላ ባለው ጊዜ ሁሉ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ። በቃ፣ ተስፋ ቆርጠው ተዉት። ጥሩ ተከላካይ ባለበት በኩል ኳስ አይመጣም፤ ኳስ ካልመጣ ደግሞ ካሜራ አይመጣም። በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ የመጣችውን ኳስ ከምስሉ ጠርዝ የገባ ሦስት ቁጥር ማሊያ በግንባሩ ከመስመር ላይ አወጣት። ካሜራው ወደ መሃል ሜዳ ሲመለስ ክብሩ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ሲያስተካክል ይታያል።

እርግጥ የዋንጫዋን ግብ ያገባው ክብሩ ነው። እሱን ማንም አልካደም።

ከናትናኤል ጋር በተነጋገሩበት ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ሰፈራቸው ቱላ ወዳለው ሜዳ ሄደች። ደበሌ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የላውንደሪ ክፍል ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ግን የሰፈሩን ልጆች ያሠለጥናል። ሠላሳ ስምንት ልጆች ናቸው፤ ደመወዝ የለውም።

«አባዬ፣ ክብሩ ኳሷን ያወጣኋት እኔ ነኝ እያለ ነው።»

ደበሌ ከሚደረድራቸው ኮኖች ቀና አላለም። «አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ደውሎልኛል። "ደቤ፣ ያቺን ነገር እኔ ሳወራት ሰው ደስ ይለዋል፤ ቅር አይበልህ" አለኝ። ቅር አይለኝም አልኩት።»

«ለምን?»

«አካዳሚ ሊከፍት ነው። ለታዳጊዎቹ አሠልጣኝ ይፈልጋል። ሰኞ ጀምር ብሎኛል።» ቀጥ ብሎ የቆመውን ኮን እንደገና አስተካከለው። «ፎጣ ማጠፍ ሰልችቶኛል፣ ሐዳስዬ።»

«ግን እኮ አንተ ነህ ያወጣሃት።»

«እኔ ነኝ። ወጥታለች አይደል? ዋንጫውን በልተናል። ማን አወጣት የሚለው ዛሬ ምን ይሠራልሻል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ አፍ ነበረው፣ እኔ እግር ነበረኝ። የኔ አለቀ፤ የሱ አላለቀም። አንብቢው።»

ወደ ልጆቹ ዞሮ በሲዳምኛ ጮኸባቸው። ሲናደድ ብቻ ነው በሲዳምኛ የሚጮኸው፤ ልጆቹ ግን ምንም አላጠፉም ነበር።

አርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ተማሪው ሁሉ ባንዲራው ፊት ተሰለፈ። ክብሩ ከርእሰ መምህሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ጫማው ነጭ፣ አቧራ ያልነካው። ደበሌ ከሆቴሉ አስፈቅዶ መጥቶ ከኋላ አጥሩ ጥግ ቆሟል።

ሐዳሳ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ሳትደናቀፍ አነበበች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቀና አለች። አባቷ ከሩቅ ራሱን ነቀነቀላት፤ አንብቢ ማለቱ ነው። ትንፋሽ ወሰደችና አምስተኛውን አነበበች። «ዛሬ ልምዱን ሊያካፍለን በመካከላችን በመገኘቱ እናመሰግናለን።»

ናትናኤል ክርኗን ጎሸም አደረጋት። «ዘለልሽ!»

ክብሩ ፈገግ ብሎ ተነሣና ማይክራፎኑን ከእጇ ወሰደ። «አመሰግናለሁ የኔ ቆንጆ። አንድ ነገር ዘለልሽ ልበል?» ተማሪው ሳቀ። «ግድ የለም፣ እኔው ልንገራችሁ።»

ነገራቸው። መድረኩ ላይ ሮጠ፣ ተመለሰ፣ ዘለለ፣ በግንባሩ አየሩን መታ። ግቢው በጩኸት ተናጋ። ክብሩ እጁን ወደ አጥሩ ዘረጋ። «ያውላችሁ፣ ወንድሜ ደበሌ ምስክሬ ነው! ደቤ፣ ውሸቴን ነው?»

ሺህ አንገት ወደ ኋላ ዞረ። ደበሌ እጁን ከፍ አደረገና ራሱን በአሉታ ወዘወዘ። አይደለም፣ ውሸት አይደለም።

«በራሱ ላይ ያገባው!» አለ አንዱ ከሰልፉ ውስጥ። ሳቁ እንደገና ተነሣ፤ ክብሩም አብሮ ሳቀ።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ክብሩ መኪናው ጋ ቆሞ ደበሌን ትከሻውን ቸብ አደረገው። «ልጅህ ጎበዝ ናት፣ ደቤ። ትንሽ ኩራት አለባት እንጂ።» የመኪናውን በር ከፈተ። «የሰኞው ነገር... እኔ እደውልልሃለሁ። አንተ አትደውል።»

አባትና ልጅ እስከ አስፋልቱ በእግር ሄዱ። ደበሌ የታመመ ጉልበቱን ትንሽ ይጎትታል።

«ጨርሰሽ ብታነቢው ምን ነበረበት?» አለ በመጨረሻ። «አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ናት።»

ሐዳሳ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረች።

«ምን ተጠቀምሽ? ያው ተወራ። ያው ተሳቀ። ሥራው ብቻ ቀረ።»

እውነቱን ነው። ባጃጅ መጣ። ደበሌ ሌላ ጊዜ ከኋላ አብሯት ነበር የሚቀመጠው፤ አሁን ግን ከነጂው ጎን ገብቶ ተቀመጠ። እሷ ከኋላ ብቻዋን ሆነች።

ከፊቷ የአባቷን ማጅራት ታየዋለች፤ የሆቴሉ ሸሚዝ ኮሌታ ከመታጠብ ብዛት ተበልቷል። «ይቅርታ አባዬ» ብትል ወዲያው እንደሚዞር ታውቃለች። አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ለሰው ይቅር ማለት ለሱ ቀላል ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርገው የኖረው ነገር ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አፏን ከፈተች።

መልሳ ዘጋችው። ቱላ እስኪደርሱ አላለችውም።