የእመት ሄስተር ዋስትና

«ግብሩ ዛሬ በፔኒ ጀምሮ ነገ ቤቱን ቢበላውስ፣ ይህቺን ልጅ ምን ላደርጋት ነው?»

እ.ኤ.አ. በ1871 የኅዳር ጭጋግ የእንግሊዟን የሃርልደን ከተማ ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫ እስከ አንገት በዋጠበት ማለዳ፣ እመት ሄስተር ክሌግ ይህን ጥያቄ ለምድጃቸው አቀረቡ። ሟች ባላቸው አንድ ጊዜ ለሥራ ጓደኛቸው ዋስ ሆነው፣ ሰውየው ሲኮበልል አልጋቸው ሳይቀር ለዕዳው በጋሪ ተጭኖ ሲሄድ እመት ሄስተር በዓይናቸው አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ዋስ የሚባል ቃል በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። ልጃቸውንና ምራታቸውን ንዳድ ወስዶባቸው፣ የቀረቻቸው የልጅ ልጃቸው ታማር ብቻ ነበረች፤ እሷም ቀን ጥጥ ስትሸምን ውላ ማታ የሥጋ መጠቅለያ ጋዜጣ ሳይቀር የምታነብ።

በዚያው ዕለት ምሽት የከተማው ግብር ከፋዮች በአዳራሹ ተሰበሰቡ፤ ጉዳዩም ሕዝብ በነጻ የሚያነብበት ቤተ መጻሕፍት እንዲቆም፣ ከቤት ግምት ላይ በየፓውንዱ አንዲት ሳንቲም፣ አንድ ፔኒ፣ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚል ነበር። እመት ሄስተርን ጨምሮ ቤት በስማቸው የሆነ ባልቴቶችም ከታች ተቀመጡ፤ ታማር ግብር ከማይከፍሉት ጋር ሰገነት ላይ ቆመች።

ቢራ ጠማቂው ሚስተር ሬድፈርን ተነሥተው፣ «ወገኖቼ፣ አንዱ ላነበበው ሌላው ይክፈል? እኔ ዘንድ የጠጣ ራሱ ይከፍላል!» አሉ።

«ቢራው ውስጥ የገባውን ውኃ ጭምር!» አለ አንድ ሸማኔ፤ አዳራሹ ወለሉን በሚደበድቡ የእንጨት ጫማዎች ተናጋ።

«ሳቁ! ዛሬ ፔኒ፣ ነገ ሽልንግ፤ ከነገ ወዲያ ባልቴቶቻችን ወደ ድሆች ማደሪያ!» አሉ ሚስተር ሬድፈርን።

ከንቲባው «የምትቃወሙ እጅ አውጡ» ሲሉ የእመት ሄስተር እጅ ወጣ፤ ቀና ብለው ሰገነቱን ለማየት ግን አልደፈሩም። ግብሩ በብዙ ድምፅ ጸደቀ።

በመንገድ ላይ፣ «ላንቺው ብዬ ነው፣ ልጄ» አሏት።

«አውቃለሁ፣ አያቴ። ሁልጊዜ ለኔው ነው።»

በዓመቱ ቤተ መጻሕፍቱ በአሮጌው የገበያ ቤት ተከፈተ፤ ታማርም ከፋብሪካ ስትወጣ ጥጡን ከፀጉሯ ሳታራግፍ ሮጣ ሄዳ፣ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«መጽሐፉስ?»

«ግብር የማይከፍል፣ ግብር ከፋይ ዋስ ያምጣ አሉ። መጽሐፉ ከጠፋ ዋሱ ይከፍላል።»

«እና ማንን ልትጠይቂ ነው?»

«ማንንም። ሚስተር ሬድፈርን ለእህታቸው ልጅ ዋስ ሆነው ሲወጡ በር ላይ አገኘኋቸው። ‹ከከፈልን አይቀር!› አሉኝ።»

«እሱ? ያ ሁሉ ጩኸት ወዴት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቢራ ቤቱ ረስተውት ይሆናል።»

እመት ሄስተር አልሳቁም። «እኔንስ ምነው ሳትጠይቂ?»

«እጅዎን አይቼ የለ እንዴ፣ አያቴ?» አለች ታማር፤ ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ይኸው ነው ይበልጥ የከነከናቸው።

«ዝናብ ቢመታውስ?» አሉ እመት ሄስተር።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን ነዋ!»

«በነጠላ እጠቀልለው ነበር።»

«ሻማ ቢንጠባጠብበትስ?»

«አርቄ አስቀምጠው ነበር።»

«ዓይንሽስ?»

ታማር ሳቀች፤ ሳቋንም ሳትጨርስ ምድጃ ላይ ወደ ተጣደው የድንች ሾርባ ዞረች።

ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ የከንቲባውና የግድግዳ ሰዓት የሰጡት የፋብሪካ ጌታ ስም ተቀርጿል፤ ፔኒያቸውን ያዋጡት አልተጻፉም። የከተማው ታሪክ ስንት እጅ እንደወጣ ይናገራል፤ በተቃውሞ የወጣው እጅ በኋላ ምን እንደሠራ ግን አይናገርም።

በዚያ ምሽት የቤተ መጻሕፍቱ በር እስኪዘጋ ጥቂት ጊዜ ቀርቶ ነበር። እመት ሄስተር እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ፤ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያደርጉትን ጥቁር ቆብ አጠለቁ፤ ከሣጥን ደረቅ ነጠላ አውጥተው አጥፈው በብብታቸው ያዙና፣ ከቤት ወጥተው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አመሩ።