የቆሰለው ሳይገኝ

ወንድይፍራው ጠመንጃ ሲያጥብ ሰው አጠገቡ እንዲቆም አይወድም። አሥራ አራት ዓመት በጦር ሠራዊት ግምጃ ቤት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ከባሌ ተራሮች ጥግ በተተከለው በዚህ የአደን ሰፈር ብረት ሲወለውል ኖሯል፤ ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም መናገር ደስ ይለዋል። ሥራው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከምሳ በኋላ ከሰፈሩ ዳር ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ይገባል፣ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ጠረጴዛው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ያነጥፋል፣ ውሃ ይጥዳል፣ አሮጌ አንሶላ እየቀደደ ትንንሽ ጨርቅ ይከምራል፤ ከዚያ ጠመንጃውን እንደ ታመመ ሰው በጥንቃቄ አጋድሞ ሥራውን ይጀምራል።

የዚያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው እንደ ሌሎቹ ጥይት ከኋላው የሚጎርስ አልነበረም። ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ፣ መነጽሩ ውድ፣ መልኩ ከፋብሪካ የወጣ ገና ሳምንት ያልሞላው የሚመስል ነው፤ ባሩዱና እርሳሱ ግን እንደ ጥንቱ በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። አንዳንድ ፈረንጆች አንድ ጥይት ብቻ ይዞ ማደን ጀግንነት ይመስላቸዋል። የቱቦውን ጀርባ የምትዘጋው አውራ ጣት የምታህል፣ ዙሪያዋን እንደ ቡሎን ጥርስ ያላት ብረት ናት፤ ወንድይፍራው ውታፏ ይላታል። ባሩዱ በነደደ ቁጥር ጥላሸቱ በጥርሶቿ መካከል ገብቶ እርጥበት ይስባል፤ በዚህ ጉም በማይለቀው አገር ደግሞ ዕለቱን ተፈትታ ካልታጠበችና ግራሶ ካልተቀባች፣ ከቱቦው ጋር ተጣብቃ በመዶሻም አትወጣም።

ይህን የተማረው በውርደት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ውታፍ ሳትታጠብ አድራ በመጣበቋ፣ የሰፈሩ ኃላፊ በእንግዶች ፊት «አንተን ብሎ ባለሙያ!» ብሎታል። ያን ጊዜ ሳያጥብ ያሳደረው በበዳሶ ቃል ነበር።

በዳሶ የሰፈሩ ዱካ ተከታይ ነው፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ኮቴው የማይሰማ ሽማግሌ። ወንድይፍራው በወባ ወድቆ መኪና በጠፋበት ዘመን ከሰፈሩ እስከ ከተማው ጤና ጣቢያ በጀርባው አዝሎ ያወረደው እሱ ነው፤ ስለዚህ ምንም ቢጣሉ፣ ሁልጊዜም ይጣላሉ፣ በዚህ ምድር ላይ ወንድይፍራው ሞቱን የሚፈራለት ሰው ቢኖር በዳሶ ብቻ ነው። በዳሶ ከአባቱ የወረሰው አንድ ሕግ አለው፤ አውሬ ያቆሰለ ጠመንጃ፣ የቆሰለው ሳይገኝ አይታጠብም። ለምን ሲባል፣ ዱካ ሁለት ጫፍ አለው ይላል፤ አንዱ ጫፍ በቆሰለው ዘንድ፣ ሌላው ባቆሰለው ብረት ውስጥ ነው፤ ጥላሸቱን ያጠበ የዱካውን ጫፍ ለቀቀ።

የዚያን ቀን ጧት የዚህ ጠመንጃ ባለቤት የሆነው ፈረንጅ እንግዳ ጉም ውስጥ ወደ አንድ የደጋ አጋዘን ተኩሶ ነበር። ጩኸት ተሰማ፣ አስታ ቁጥቋጦው ላይ ደም ተገኘ፣ እንግዳው ግን ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ተኛ። በዳሶ የሰፈሩን ጠመንጃ አንግቶ፣ መገናኛ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቻውን ሊከተል ሲነሣ በቆርቆሮዋ ክፍል በኩል አለፈ።

«እስክመለስ እንዳትነካው» አለ።

«ውታፏ ብትጣበቅ አንተ ልትፈታት ነው?»

«ወንዴ፣ የሚጣበቀው ይጣበቅ። እንዳትነካው ብያለሁ።»

ወንድይፍራው ሽማግሌው ጉሙ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ጀርባውን በንዴት ሲያይ ቆየ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የውታፏን መፍቻ ቁልፍ አነሣ። ይህ ሰው በሌላው ነገር ልበ ቀና ነው፤ በሙያው የመጡበት ጊዜ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ውታፏን በቁልፉ ያዘና ወደ ግራ ጠመዘዛት፤ ጥቂት አንገራግራ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ብላ ተፈታች። የባሩዱ ሽታ፣ ያ የተበላሸ እንቁላል የመሰለው፣ ክፍሉን ሞላው። ውታፏን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣላት፤ ውሃው ወዲያው ጠቆረ። በመወልወያው ዘንግ ጫፍ ጨርቅ ጠምጥሞ በቱቦው አሳለፈ፤ ጨርቁ እንደሚጠበቀው ጠቁሮ ወጣ። ሁለተኛው ግን ከጥቁሩ ሥር ቀላ ያለ ነገር ነበረው፣ ሲያሸተውም ባሩድ ሳይሆን ዝናብ የመታው የአውሬ ጠጉር ሸተተው። ዝገት ነው አለ ለራሱ። የማይዝግ ብረት እንደሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም ዝገት ነው አለ።

መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ።

«ወንዴ፣ ተቀበል። ደሙ ሲመራኝ ነበር፣ አሁን ሳሳ።»

«ተከተለው እንግዲህ» አለው፤ ሦስተኛውን ጨርቅ አሳለፈ።

የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚንጠባጠበው ጤዛ ድንገት ቆመ። ጉሙ በመስኮቱ በኩል ተጠግቶ የቀኑን ብርሃን አመድ አስመሰለው፤ ከወጥ ቤቱ በኩል ሲሰማ የነበረው የሰው ድምፅና የሰሐን ኳኳታም መቼ እንደጠፋ ሳያስተውል ጠፍቷል። ወንድይፍራው ውታፏን ከውሃው አውጥቶ በሽቦ ብሩሽ ጥርሶቿን አንድ በአንድ ፈተገ። በፈተገ ቁጥር ከሩቅ፣ ከክፍሉ ውጭ ይሁን ከቱቦው ውስጥ ባልለየው ቦታ፣ አንድ ነገር በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ የሚስብ መሰለው። ሲያቆም ያቆማል።

«ደሙ ጠፋ» አለ ሬዲዮው። «ቅጠሉን ገልብጬ አየሁ፣ እንደ ታጠበ ነው። እዚያ ዘንቧል?»

«አልዘነበም።»

በዳሶ ጠየቀ፤ «ጠመንጃውን ነክተሃል?»

«አልነካሁም» አለ ወንድይፍራው።

በዚያች ቅጽበት ብሩሹን ቢያስቀምጥ ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። ግን እልህ ምላጭ ያስውጣል። ዋሽቶ ካቆመ ጥፋቱን ማመን ሊሆንበት ነው፤ ስለዚህ ከፊቱ ይልቅ አጥብቆ ፈተገ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ አሳለፈ፣ የመጨረሻው ጨርቅ እንደ ገባ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አላረፈም። ከዚያም እንደ ልማዱ ውታፏን ሳይመልስ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አቅንቶ በጀርባው ቀዳዳ አየ። የነጣ ብርሃን ታየው፣ ክብ፣ ጉም የሞላበት። በዚያ ብርሃን ላይ አንድ ጥቁር ነገር ከቀኝ ወደ ግራ አለፈ። ጠጉር እንዳለው አየ። ቀና ብሎ መስኮቱን ተመለከተ፤ ከጉም በቀር ምንም የለም። ዝቅ ብሎ እንደገና ቢያይ ያው ነገር እንደገና ከቀኝ ወደ ግራ አለፈ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ አንድን ነገር መሐል አድርጎ እንደሚዞር።

«ወንዴ።» የበዳሶ ድምፅ ተለውጧል፤ ይህ ሽማግሌ ሲፈራ ወንድይፍራው ሰምቶት አያውቅም። «የእኔም ዱካ የለም። የመጣሁበት ሣር ሰው ያልረገጠው መስሎ ቆሟል። ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም። ደግሞ አንድ ነገር እየዞረኝ ነው፣ ትንፋሹን እሰማለሁ።»

ወንድይፍራው ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሬዲዮውን በሁለት እጁ ያዘው።

«ጋሽ በዳሶ… አጥቤዋለሁ። ይቅር በለኝ፣ አጥቤዋለሁ።»

ስድብ ጠበቀ። ስድብ ቢሆን ደስ ባለው።

«እንግዲህ መልሰኝ» አለው በዳሶ።

እንዴት ተደርጎ ይመለሳል? ጥላሸት የሚያጥብ እንጂ ጥላሸት የሚመልስ ግምጃ ቤት እሱ አላየም። ቢሆንም የቆሻሻውን ባልዲ ወለሉ ላይ ደፋው፤ ተንበርክኮ ጠቋቁረው የተጣሉትን ጨርቆች ሁሉ ለቃቀመና ጭማቂያቸውን ቱቦው ውስጥ ጨመቀ፣ የጠቆረውን ውሃ በኩባያ እየቀዳ አፈሰሰበት፣ ውታፏን በጥላሸቱ አሻሸ። ሲቸኩል በብሩሽ ብዛት የተሳለው የውታፏ ጥርስ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። ደሙ ከጥላሸቱ ጋር ተለውሶ በጥርሶቿ መካከል ሞላ። ለመጥረግ ጊዜ አልነበረውም፣ ሕመሙም አልተሰማው፤ እንዳለች ቱቦው ውስጥ ከተታትና በቁልፉ ጥርቅም አድርጎ አጠበቃት።

ለጊዜው ምንም አልሆነም። ከዚያ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ተመለሰ! ወንዴ፣ ዱካው ተመለሰ! ይኸው ደም አለ፣ ትኩስ ነው፣ አሁን የፈሰሰ ነው!»

ወንድይፍራው ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አፍሮም፣ ደስ ብሎትም አለቀሰ።

«ያ የሚዞርህስ?»

«ሄዷል፣ የለም። ዱካው ቁልቁል ነው የሚወርደው። እከተለዋለሁ።»

«ተከተለው፣ ጋሼ፤ ቁልቁሉ ወደኛ ነው የሚያመጣህ!»

ከዚህ በኋላ የበዳሶ ድምፅ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ዝግ ያለ፣ ለስላሳ፣ አውሬ ሲከተል የሚናገርበት ድምፅ። ኮሶዎቹን አልፏል አለ። ቆየና ወንዙን ተሻግሯል አለ። ወንድይፍራው እያንዳንዱን ቦታ ያውቀዋል፤ ከኮሶዎቹ እስከ ወንዙ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፣ ከወንዙ እስከዚህ ክፍል ደግሞ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። በየቃሉ ልቡ እየሞቀ ሄደ፤ ሽማግሌው በሩን ከፍቶ ሲገባ እግሩ ላይ ሊወድቅ ወሰነ።

«ብዙ ደም ፈሶታል» አለ ሬዲዮው። «አንድ እጁን አይረግጥበትም። ደክሟል።»

ወንድይፍራው መዳፉን ተመለከተ። ደሙ በክንዱ ወርዶ ከክርኑ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ጨርቅ ሊያስርበት ተነሣና ነጠብጣቡን በዓይኑ ተከተለ። ከተንበረከከበት ቦታ ተነሥቶ ወደ በሩ ይሄዳል። እሱ ወደ በሩ አልሄደም። በሩን ሲከፍተው ነጠብጣቡ ደፉን አልፎ፣ እርጥቡ ሣር ላይ አንድ፣ ከአንድ ክንድ በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ እያለ በቀጥታ ወደ ጉሙ ውስጥ ይገባል። ሣሩም በሁለቱም በኩል ተረግጧል፤ የረገጠው ግን የሰው እግር አይደለም፣ ሹል የሆነ ለሁለት የተከፈለ ሰኮና ነው፤ የሰኮናውም ጫፍ ወደ ክፍሉ ዞሯል።

ኋላ ኋላ ብሎ ተመለሰና በሩን በጀርባው ዘጋው።

«ጥሻ ውስጥ ገብቷል» አለ በዳሶ፣ በሹክሹክታ። «አሁን ተነቃነቀ፣ ቅጠሉ ገጠመ።»

«ጋሼ፣ ጥሻ አይደለም!»

ከሬዲዮው የሚመጣው የሽማግሌው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ከውጭ፣ ከአሥር እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ። ወንድይፍራው ይህን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ትናንት ራሱ ነው ግራሶ የቀባው። ጠረጴዛው ሥር ተንፏቆ ገባ፣ ሬዲዮውን አፉ ላይ ለጥፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

«በዳሶ! እኔ ነኝ! ወንድይፍራው ነኝ፣ ያዘልከኝ፣ ስለ ፈጠረህ እንዳትተኩስ፣ እኔ ነኝ!»

«ሰማሁት፣ ወንዴ፤ እያቃሰተ ነው» አለው በዳሶ በዚያው ለስላሳ ድምፁ፤ «እኔ አሁን አሳርፈዋለሁ፣ አንተ ውሃ ጣድ።»